“ታክስ አለው” ተብዬ የገዛኋት መኪና ጎማዋ ታሰረ

ሰላም እትዬ፣

የምኖረው ለንደን ነው። ሴፕቴምበር 6 ቀን 2025፣ ቅዳሜ፣ ከእድራችን አባል ከሆኑ አንድ ትልቅ ሰው የ2018 ቶዮታ ያሪስ ገዛሁ። መኪናዋ ንጹሕ ናት፣ በእሷ ቅሬታ የለኝም። ዋጋ ስንነጋገር “ታክሱን እስከ ሜይ መጨረሻ ከፍያለሁ፣ የስምንት ወሩን 130 ፓውንድ ጨምርልኝ” አሉኝ። እኔም ኢንተርኔት ላይ ታርጋውን አስገብቼ አየሁ። እውነትም ታክስ ተከፍሎበታል ይላል። ጨመርኩ።

ሴፕቴምበር 25 ጠዋት ለሥራ ስወጣ ጎማዋ ላይ ብረት ታስሯል፣ መስታወቱ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ታክስ የለውም ይላል። ማስፈቻ 100 ፓውንድ ከፈልኩ። የዓመቱን ታክስ 195 ፓውንድም በዚያው ቀን ከፈልኩ። ባለቤቴ “አጭበርብረውሃል፣ ሂድና ገንዘብህን ተቀበል” ትላለች። እኔ ግን አፌ አልፈታ አለኝ። እናቴ ያረፈች ጊዜ ቀድመው ቤቴ የደረሱትና አብረውኝ ያደሩት እሳቸው ናቸው።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። የድሮዋን የ2012 ኮርሳዬን ሊድስ ለሚኖረው ለባለቤቴ ወንድም ልሰጠው ነው። መንጃ ፈቃድ ገና አላወጣም፣ ለጊዜው ግቢው ውስጥ ትቆማለች። በቤተሰብ መካከል ስለሆነ ታክሷ አብሯት ይሄዳል አይደል? በዚህ በጋ ቤት ስለቀየርን ብዙ ጣጣ ተደራርቦብኛል፤ እባክዎ መላ ይበሉኝ።

ግራ የገባው የእድር አባል

ወንድሜ፣

እንኳን መኪናዋን ጭነው አልሄዱብህ። ይህን የምልህ ላጽናናህ ብዬ ብቻ አይደለም። ብረቱ ከታሰረ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልተከፈለ መኪናዋ ተጭና ትወሰዳለች። ያኔ ማስለቀቂያው 200 ፓውንድ ይሆናል፣ ላደረችበት ለእያንዳንዱ ቀን ደግሞ 21 ፓውንድ ይቆጥራል። ታክሱን ባትከፍል ኖሮም በማስፈቻው ላይ 160 ፓውንድ መያዣ ይጠይቁህ ነበር። ጠዋቱ ቢያበሳጭም ያደረግከው ልክ ነው።

አሁን ወደ ሰውዬው ልምጣ። ባለቤትህን አከብራለሁ፣ ግማሹን ልክ ናት። “አጭበርብረውሃል” የሚለውን ግን አልቀበልም። እሳቸው የነገሩህ ነገር በአንድ ወቅት እውነት ነበር። ጊዜው አለፈበት እንጂ።

እኔ እዚህ አገር የመጀመሪያ መኪናዬን የገዛሁት በ2009 ነው። ቀይ ኒሳን ማይክራ ነበረች። ያኔ ከፊት መስታወቱ ታች፣ በግራ ጥግ፣ ክብ ወረቀት ይለጠፍ ነበር። እንደ ቢራ ጠርሙስ ማስቀመጫ የምታክል። ላይዋ ላይ ታክሱ የሚያልቅበት ወር በትልቁ ተጽፏል። ያቺ ወረቀት ከ1921 ጀምሮ የነበረች ናት። መኪና ስትሸጥ ወረቀቷ መስታወቱ ላይ እንዳለች ትሄዳለች፣ የቀረው ወር የገዢው ነው። ማስታወቂያው ሁሉ “ስድስት ወር ታክስ አለው” ይል ነበር፣ ዋጋም ይጨምር ነበር። የእኔም ማይክራ አራት ወር ነበራት፤ ለስንቱ ሰው እንዳወራሁ!

ኦክቶበር 1 ቀን 2014 ወረቀቷ ቀረች። ይህን ሁሉም ሰው ያስታውሳል። ወረቀት የለም፣ ካሜራው ታርጋውን አንብቦ ያውቃል ተባለ። ከወረቀቷ ጋር የቀረውን ሌላውን ነገር ግን ብዙ ሰው ልብ አላለውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ታክስ ከመኪና ጋር አይሸጥም። መኪናው እጅ ሲቀይር የሻጩ ታክስ እዚያው ይሞታል። ሻጩ ለቀሩት ሙሉ ወራት ገንዘቡ ይመለስለታል። ገዢው ደግሞ ከመንዳቱ በፊት በራሱ ስም እንደገና ይከፍላል። ይኸው ነው ሕጉ።

ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። የእኛ ሰው ግን መኪና መግዛትን የሚማረው ከመንግሥት መመሪያ አይደለም። ቀድሞ ከመጣ ዘመድ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው፣ ከሥራ ባልደረባ ነው። እነሱ የተማሩት በወረቀቷ ዘመን ነው። “ታክስ አለው” የሚለው አነጋገር ከእነሱ ወደ እኛ ተላለፈ። ሕጉ ተቀይሮ አነጋገሩ ቀረ።

“ግን እኮ ኢንተርኔት ላይ አይቻለሁ” ትለኛለህ። አዎ፣ አይተሃል። ወጥመዱ ያለው እዚያ ላይ ነው። ቅዳሜ አንተ ታርጋውን ስታስገባ መኪናዋ ገና በእሳቸው ስም ነበረች፣ ታክሱም የእሳቸው ነበር። ኮምፒውተሩ አልዋሸህም። የነገረህ ግን የእሳቸውን ታክስ ነው። እሳቸው መሸጣቸውን ለዲቪኤልኤ፣ መኪና ለሚመዘግበው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ባሳወቁበት ሰዓት ያ ታክስ ተሰረዘ። ቅዳሜ “ተከፍሏል” ያለው ገጽ በሳምንቱ “አልተከፈለም” ይላል። ማን ተመልሶ ያያል? ማንም።

እንዲያውም አንድ ነገር ልብ በል። የመኪናዋ መታሰር ራሱ ለሰውዬው ይመሰክርላቸዋል። መሸጣቸውን ባያሳውቁ ኖሮ ታክሱ እስከ ሜይ ድረስ እንደተከፈለ ይታይ ነበር፣ መኪናዋን የሚነካት አልነበረም። የታሰረችው እሳቸው ግዴታቸውን ስለተወጡ ነው። ሊያጭበረብር ያሰበ ሰው እንዲህ አያደርግም። ባያሳውቁ እሳቸውም እስከ 1,000 ፓውንድ ሊቀጡ ይችሉ ነበር።

አሁን ገንዘቡን እንቁጠር። የያሪሷ ታክስ በዓመት 195 ፓውንድ ነው። ከኤፕሪል 2017 ወዲህ የተመዘገቡ አብዛኞቹ መኪኖች በኤፕሪል 2025 በወጣው ተመን የሚከፍሉት ይህንኑ ነበር። ለ12 ሲካፈል በወር 16 ፓውንድ ከ25 ሳንቲም ይመጣል። እሳቸው በሴፕቴምበር ካሳወቁ ሴፕቴምበር አይመለስላቸውም፣ የሚቆጠረው ሙሉ ወር ብቻ ነው። ከኦክቶበር እስከ ሜይ ስምንት ወር ነው። ስምንት ጊዜ 16.25፣ 130 ፓውንድ።

ቁጥሩን አየኸው? አንተ የጨመርክላቸው 130 ነው። መንግሥት የሚመልስላቸውም 130 ነው። ለአንድ ነገር ሁለት ጊዜ ተከፈላቸው ማለት ነው። ቼኩ ማንም ሳይጠይቅ ራሱ በፖስታ ይመጣል፣ ሎግቡኩ (የመኪናው መመዝገቢያ ሰነድ) ላይ ባለው ስምና አድራሻ። ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል ምናልባት ገና አልደረሳቸው ይሆናል። ወይም ደርሷቸው “ይሄ ደግሞ ከምን መጣ?” ብለው ባንክ አስገብተውት ይሆናል። ታክሱን በየወሩ በዳይሬክት ዴቢት፣ ከባንክ በራሱ በሚቆረጥ ክፍያ፣ የሚከፍሉ ከነበሩ ደግሞ ቼክ የለም፤ ክፍያው ይቆማል፣ አለቀ። ያኔ ያልከፈሉትን ወር ነው የሸጡልህ። ያም ሆነ ይህ 130ው ያንተ ነው።

መቶውስ? እዚህ ላይ ከባለቤትህ ጋር እለያያለሁ። የማስፈቻውን 100 ፓውንድ አትጠይቃቸው። የ195ቱንም አታንሳ። መኪናዋ የተሰጠችህ ቀን ጀምሮ ታክሱን መክፈል ያንተ ግዴታ ነበር። ባታውቀውም ያንተ ነው። እሳቸው ያላወቁትን አንተም አላወቅክም፣ ሁለታችሁም እኩል ናችሁ። እሳቸው ጋ የቀረው ያንተ ገንዘብ 130ው ብቻ ስለሆነ የምትጠይቀውም እሱኑ ብቻ ነው። እንዲህ ስታደርግ አፍህም ይፈታል፣ ምክንያቱም እየከሰስካቸው አይደለም።

እንዴት ትለዋለህ? በእድር ስብሰባ ላይ አይሆንም፣ ሰው ፊት አይሆንም። በስልክ ደውል፣ ወይም ቤታቸው ሂድ። ጤናቸውን ጠይቅ። ከዚያ እንዲህ በላቸው፦ “ጋሼ፣ ያቺ መኪና ታስራብኝ ነበር። እኔም አላወቅኩም፣ እርስዎም አላወቁም። ታክስ ለካ አሁን አብሮ አይሸጥም። መንግሥት ቀሪውን ለእርስዎ በቼክ ይልክልዎታል፣ 130 ፓውንድ ነው። ሲደርስዎ እኔ የጨመርኩትን ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።” ይኸው። “ሲደርስዎ” የምትለውን ቃል አትዝለላት። ቼኩን እስኪያዩ ጊዜ ትሰጣቸዋለች። ከመሬት ተነስተህ ገንዘብ የጠየቅካቸው ሳይሆን ነገሩን ያስረዳሃቸው ትሆናለህ። እኔ እንደምገምተው እናትህ ያረፉ ጊዜ አብረውህ ያደሩ ሰው 130 ፓውንድ አያስቀሩብህም። ካስቀሩም ሽማግሌ አይላክበትም። ለልቅሶህ ያደሩበት ሌሊት ከዚያ ይበልጣል።

ደግሞ ፖስታህን ክፈት። ብረቱ ተፈታ ማለት ነገሩ አለቀ ማለት ላይሆን ይችላል። ታክስ ሳይከፈልበት ለቆየው ጊዜ የ80 ፓውንድ ቅጣት በደብዳቤ ሊመጣ ይችላል። በ33 ቀን ውስጥ ከከፈልከው 40 ይሆናል። ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከተህ ብትረሳው ግን እየባሰ ይሄዳል።

እኔም ከዚህ አላመለጥኩም። ያቺን ቀይ ማይክራ የሸጥኩት ጃንዋሪ 30 ቀን 2015 ነው፣ ዓርብ ማታ። አዲሱ ሕግ ገና አራት ወሩ ነው። የሎግቡኩን ክፍል ሞልቼ ፖስታ ውስጥ ከተትኩት፣ ቴምብር ለጠፍኩበት፣ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። እዚያው ረሳሁት። ፌብሩዋሪ 5 ቀን ቁልፍ ስፈልግ አገኘሁት። ተመላሹ የሚቆጠረው ከሸጥክበት ቀን ሳይሆን ዲቪኤልኤ ካወቀበት ቀን ነው። የፌብሩዋሪ ታክሴ በቦርሳዬ ውስጥ ሄደች። በዚያው ሳምንት የገዛኝ ልጅ የአውቶቡስ መስመር ውስጥ ገብቶ ኖሮ ቅጣቱ በእኔ ስም መጣ። ልጁ ጨዋ ስለሆነ ከፈለ። ባይከፍል ያ መኪና የእኔ አይደለም ብዬ ስከራከር መክረሜ ነበር።

ዛሬ ፖስታ አያስፈልግም። በኢንተርኔት በደቂቃ ያልቃል፣ ማረጋገጫው በኢሜይል እዚያው ይመጣል። ስለዚህ ለሚቀጥለው ጊዜ ነገሩ ሁሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይለቅ። ቁልፉ መሃል ላይ ይቀመጥ። ሻጭ ሎግቡኩን ይዞ ስልኩን ያወጣል። እዚያ ላይ ያለውን ባለ 11 አኃዝ ቁጥር አስገብቶ፣ የገዢውን ስምና አድራሻ ፊደል በፊደል እየጠየቀ ይሞላል። (የኛን ስም እንግሊዝኛ አጻጻፍ ታውቀዋለህ፣ አንድ ፊደል ከተሳሳተ መከራ ነው፤ ገዢው ራሱ ይጻፈው።) ማረጋገጫው ኢሜይል ሲገባ ሎግቡኩ ላይ ያለችውን አረንጓዴ ቁራጭ ቀድዶ ለገዢው ይሰጣል። ቁራጯን ብቻ፣ ሙሉ ሎግቡኩን አይደለም። እሷ ላይ ባለ 12 አኃዝ ቁጥር አለች። ገዢው በዚያች ቁጥር እዚያው ተቀምጦ ታክሱን ይከፍላል። ኢንተርኔት የማይሆንለት በ0300 123 4321 መደወል ይችላል፣ ቀንም ሌሊትም ይሠራል። ፖስታ ቤትም ይሆናል። ኢንሹራንሱ ግን ከዚያ በፊት ተገዝቶ መጠበቅ አለበት፣ ኤምኦቲውም (የመኪናው ዓመታዊ ምርመራ) ያላለፈበት መሆን አለበት። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ነው ቁልፉ የሚነሳው። አዲሱ ሎግቡክ በገዢው ስም በቀናት ውስጥ በፖስታ ይመጣል።

ሻጭ “ሎግቡኩ ጠፍቶብኛል፣ በኋላ ፈልጌ እሰጥሃለሁ” ካለህ ተመለስ። እኔ ለወንድሜም ቢሆን እንዲህ አልገዛም። ያለ አረንጓዴዋ ቁራጭ በኢንተርኔት ታክስ መክፈል አትችልም፣ መኪናው በረንዳ ላይ ቆሞ ይቀርብሃል። አዲስ ሎግቡክ ማውጣት 25 ፓውንድ ነው፤ ያውጣና ይሽጥ።

ስለ ቀኑም አንድ ነገር ልበል፣ ሒሳብ ለሚወዱ። ሻጭ በወሩ የመጨረሻ ቀን ቢያሳውቅና በማግስቱ ቢያሳውቅ አንድ አይደለም፤ በማግስቱ ከሆነ አንድ ወር ያጣል። ገዢ ደግሞ በ29 ቢገዛ ወሩን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው የሚከፍለው፤ ለሁለት ቀን የወር ታክስ ማለት ነው። ስለዚህ ሻጭ ወሩ ሳያልቅ መሸጥ ይፈልጋል፣ ገዢ ወሩ ሲጠባ መግዛት ይፈልጋል። የሽያጩን ወር መንግሥት ከሁለቱም ይበላል። ብዙ ሰው በዚህ ይናደዳል፣ እኔም ትንሽ እናደዳለሁ። ነገር ግን ለ16 ፓውንድ ብላችሁ ጥሩ መኪና እንዳታስመልጡ።

ታክሱን በየወሩ በዳይሬክት ዴቢት ለምትከፍሉ ደግሞ፦ መኪና ስትሸጡ ባንክ ሄዳችሁ ክፍያውን አታቋርጡ። ለዲቪኤልኤ መሸጣችሁን ስትነግሩ እነሱ ራሳቸው ያቆሙታል። እናንተ ቀድማችሁ ካቋረጣችሁ መኪናዋ ገና በስማችሁ እያለች ታክስ የሌላት ትሆናለች። በወር መክፈል 5 በመቶ ይጨምራል፤ 195 የነበረው 204.75 ይሆናል። ያ ጭማሪ አይመለስም።

“የመኪና ታክስ ተመላሽ አለዎት፣ ይህን ተጫኑ” የሚል የስልክ መልእክት ከመጣ ደግሞ አጥፉት። ተመላሹ ራሱ ይመጣል እንጂ የባንክ ቁጥር በመልእክት አይጠይቅም። አባቴ ያለ ካርድ ቁጥር ምንም አይሰጥም ብሎ ሊያስገባ ሲል በአጋጣሚ ደርሼበታለሁ።

ታክሲ የምትነዱ ወንድሞች በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ተሻምታችኋል። እዚያም “ኤሌክትሪክ ስለሆነ ታክስ የለውም” የሚል ሻጭ አይጠፋም። ይህም የድሮ ወሬ ሆኗል። ከኤፕሪል 1 ቀን 2025 ጀምሮ ኤሌክትሪክም ይከፍላል። ነጻ በነበረበት ጊዜ እንኳን በዜሮ ፓውንድ ማስመዝገብ ግዴታ ነበር፤ “ነጻ ነው” ብለው ዝም ያሉ ሰዎች የታሰረባቸውን አይቻለሁ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሰው የሚወድቅበት ሌላ ጉድጓድ አለ። መኪናው አዲስ ሳለ የዝርዝር ዋጋው ከ40,000 ፓውንድ በላይ ከነበረ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ለአምስት ዓመት በመደበኛው ታክስ ላይ፣ በ2025 ተመን፣ ሌላ 425 ፓውንድ ይጨመር ነበር። የሚታየው አንተ የገዛህበት ዋጋ አይደለም፤ ፋብሪካው ያወጣለት የመጀመሪያ ዋጋ ነው። በአራተኛ ዓመቱ ላይ ያለ የሚያብረቀርቅ መኪና በ18,000 ረክሶ አገኘሁ ብሎ ደስ ብሎት የገዛ ሰው የዓመቱ ታክስ በዚያ ተመን 620 ፓውንድ ሲመጣበት ነው የሚነቃው። ትልቅና የሚያምር መኪና ረክሶ ስታይ መጀመሪያ አዲስ ሳለ ስንት ነበር ብለህ ጠይቅ።

አሁን ወደ ኮርሳዋ። ታክሷ አብሯት አይሄድም። ቤተሰብ ነው፣ ስጦታ ነው፣ ገንዘብ አልተቀበልኩም ማለት አይሠራም። ባል ለሚስት ቢያዞር እንኳን ታክሱ ይሰረዛል፣ ሚስት እንደገና ትከፍላለች። ያንተ ቀሪ ወራት ላንተ ይመለሳሉ።

መንጃ ፈቃድ አለመኖሩ ችግር አይደለም። መኪና በስምህ ለማስመዝገብ መንጃ ፈቃድ አያስፈልግም። ግቢው ውስጥ የምትቆም ከሆነ ታክስ መክፈልም የለበትም፣ ግን ዝም ማለት አይችልም። መኪናዋ መንገድ ላይ እንደማትወጣ ለዲቪኤልኤ ያሳውቃል። ሶርን ይሉታል፣ ክፍያ የለውም። አንተ ቀድመህ ሶርን ብታደርግላትም ለእሱ አይተላለፍም፣ እሱም በራሱ ስም ያደርጋል። እስክትነዳ ድረስ ኢንሹራንስም አያስፈልጋትም። ግቢው ግን እውነተኛ ግቢ ይሁን። ከበሩ ውጭ፣ መንገዱ ዳር፣ “ለአንድ ቀን ብቻ” የሚባል ነገር የለም።

አሁን አስብበት፦ መኪናዋ ሊድስ እንዴት ትደርሳለች? ለንደን ላይ ስሟን አዙረህ ሶርን ካደረጋችሁ በኋላ ልትነዳት አትችልም። ስለዚህ ገና በስምህ ሳለች፣ ታክስዋና ኢንሹራንስዋ ሳይነካ፣ አንተ ራስህ ነድተህ አድርሳት። ግቢው ውስጥ አቁማት። ከዚያ ምሳ ከመብላታችሁ በፊት ስልክህን አውጣና አስተላልፍለት፤ አረንጓዴዋን ቁራጭ ስጠው፤ እሱም ሶርኑን በዚያው ቀን ይጀምር። አንተ በባቡር ተመለስ። ከተቻለህ በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ አድርገው፣ አዲሱ ወር ሳይገባ ያልቅልሃል።

ይህን ሁሉ ከማድረግህ በፊት ግን ሎግቡኩን አውጣና አድራሻውን ተመልከት። በበጋ ቤት ቀይረናል ብለሃል። ኮርሳዋ አሁንም በድሮው ቤት ከተመዘገበች ሕጉም አይፈቅድልህም፣ የቀሪው ታክስ ቼክም የሚሄደው ወደ ድሮው በር ነው። ዛሬ ማታ በኢንተርኔት አድራሻውን ቀይር። አዲሱ ሎግቡክ ሲደርስህ ወደ ሊድስ ትነሳለህ።